ስለ ፍየሏ፦ ያላስጨረሳችሁኝ መልስ

ለላኬዴሞን አምስቱ ክቡራን ኤፎሮች፣ የነገሥታት ተቆጣጣሪዎች፣ የሕግ ጠባቂዎች፣ የጢማችንም አሳቢዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናችሁ እጨነቃለሁ። ብርዱ ጉልበታችሁን አላሳመመውም ወይ? እንቅልፍስ እንዴት ነው? ማዕዳችሁ ሙሉ፣ ጢማችሁ ሙሉ፣ ዓመታችሁም ሙሉ ይሁን። ሹመታችሁ ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ እንዳልመኝላችሁ ሕጉ ከልክሎኛል፤ ልቤማ ከዚያም ባነሰ ይረካ ነበር።

ይህን የሚጽፍላችሁ ላምጲስ የአርጊሎስ ልጅ በላኬዴሞን ምድር እስከ ዛሬ ከተነሡት ጸሐፊዎች ሁሉ የላቀ ነው። ይህን የምለው በትዕቢት አይደለም፤ ከተማችን ጸሐፊ ስለማታበቅል ፉክክሩ ቀላል ሆኖልኝ ነው። እሺ፣ ከሁሉ የላቀ ማለቱ በዛ ከተባለም፣ በዚህ ብርድ ወራት በድንጋይ ጠራቢው በሶሶን ቤት የማታ ፊደል ከጀመርነው ሦስት ሰዎች መካከል አንደኛው እኔ ነኝ። ከቀሩት አንዱ ቀለም ነካሪ ነበር፤ ፊደሎቹ ዓይኑን አሳከኩትና ትቶ ሄደ። ሌላው ጡብ ሠሪ ነው። እርሱ በእርግጥ ከእኔ ይሻላል፤ ነገር ግን የላኬዴሞን ዜጋ ስላልሆነ አይቆጠርም።

አንድ የላኬዴሞን ሰው ፊደል የሚማርበት ማታ ከየት አገኘ ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል፤ መገረማችሁም ትክክል ነው። በዚህች ከተማ ሙሉ ሰው የተባለ ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ማዕድ ማኅበሩ ይገባል፤ ከጓደኞቹ ጋር ጥቁሩን መረቅ ይጠጣል፤ እስኪበቃው ይሳደባል፤ ያለ ችቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔን ግን እናንተ ብርካም ብላችሁ ከማዕዱ ስላስወጣችሁኝ በከተማይቱ ውስጥ ማታ ማታ ሥራ ፈት የሆንሁ ብቸኛው ወንድ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰፊ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ብታስቡት ኖሮ እንደማታደርጉት አውቃለሁ፤ ሰው ሳያስበው የሚሠራው በጎ ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል ይባላል።

ደብዳቤው ስለሚረዝምም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቃል ማሳጠር የአባቶቻችን ጌጥ መሆኑን አልዘነጋሁም። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ከእናቴ ቤት ወስዳችሁ ከልጆቹ መንጋ ስትቀላቅሉኝ ከሁሉ አስቀድሞ የተማርሁት ይህንኑ ነው። የመንጋችን አለቃ ከእራት በኋላ ጥያቄ ይጠይቀን ነበር፤ መልሱ የረዘመበትን ልጅ አውራ ጣቱን ይነክሰዋል። ሌሎቹ ልጆች ጣታቸው አልፎ አልፎ ይነከስ ነበር፤ የእኔ ግን የአለቃችን ሁለተኛ እራት ነበረች ማለት ይቻላል። ዛሬ ብዕሩን የያዝሁት በዚያችው ጣት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የአስተዳደጌ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ፊታችሁ በቀረብሁ ዕለት የጠየቃችሁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ መልሱም እንደ አገራችን ደንብ አጭር እንዲሆን ታዝዞ ነበር። የተባባልነውን ለሚያነብ ሕዝብ እንዲመች እንዳለ አሰፍረዋለሁ፤ ከምጽፍበት ሳንቃ ብዙ አይፈጅም።

«ሮጥክ?»

«ሮጥኩ። ግን ፍየሏ—»

«በቃ።»

አለቀ። ከዚህ በኋላ እኔ ብርካም ነኝ። በጦር ሜዳ ጉልበቱ የራደ፣ ለጠላት ጀርባውን የሰጠ፣ ካሉት በታች ከሞቱት በላይ የሆነ ሰው ማለት ነው። ክቡራን ሆይ፣ እናንተ ስለ ጀርባዬ ስትፈርዱ እኔ ስለ ፍየሏ ልናገር ነበር፤ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ያን ዕለት በአፌ የቀረችውን ፍየል እነሆ ዛሬ አወጣታለሁ።

ከአርጎስ ሰዎች ጋር በድንበሩ ኮረብታ ሥር የተጋጠምን ዕለት ሁሉም ነገር በወጉ ነበር። ጠጉራችንን አበጥረን፣ የአበባ ጉንጉናችንን ደፍተን፣ ጋሻችንን ከጉልበታችን ፊት አቁመን ተቀምጠናል። ጠላት እየቀረበ ነው። እንደምታውቁት ለአርጤምስ ፍየል ሳትታረድ፣ ጉበቷም ደግ ሳይሆን፣ ከእኛ ወገን አንድ ሰው እንኳ ብድግ አይልም፤ ዋሽንቱም አይነፋም። ፍየሏ ግን የአርጎስን ሰዎች ጩኸት ስትሰማ ገመዷን በጠሰችና ወደ ኮረብታው ነጎደች። አለቃችን አናክሲላስ ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠ ሰው ነበር። ፊቱን እንኳ ሳይመልስ፦

«ላምጲስ፣ ፍየሏን!» አለኝ።

እንደ ሰማችሁት ነው። «አምጣት» አላለም፣ «ተከተላት» አላለም፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፤ ጥሩ የላኬዴሞን ሰው ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሸምበቆ ላይ እያስተኛችሁ፣ በባዶ እግር እያስሮጣችሁ፣ ባንዲት ካባ በጋውንም ብርዱንም እያሳለፋችሁ ያስተማራችሁኝ ትልቁ ነገር አለቃ ሲናገር «ወዴት?» ብሎ አለመጠየቅ ነው። ስለዚህ አልጠየቅሁም፤ ሮጥሁ። በዚያ ሁሉ ናስ ተጭኜ ያን ዳገት የሮጥሁት አሯሯጥ በጨዋታው በዓል ቢሆን ኖሮ የወይራ አክሊል ያስደፋኝ ነበር። የዓይን ምስክሬ ግን ፍየሏ ብቻ ነበረች፤ እርሷም አርፋለች።

ዘወር ስል ያየሁትን ልናገር። ጓደኞቼ ተቀምጠዋል። ፍላጻውም ድንጋዩም ይወርድባቸዋል፤ ፍየሏ ስላልታረደች ማንም አልተነሣም፤ አንድ ሰው ሲወድቅ ጎረቤቱ ትንሽ ጠጋ ይልና ቦታውን ይሞላል። ከላይ ሆኜ «ተነሡ!» ብዬ ጮኽሁ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለመስጠት ሥልጣን ስለሌለኝ ትክክለኛውን ነገር አድርገው አልሰሙኝም። ፍየሏን ከቁጥቋጦ ውስጥ ያዝኋት፤ ደረቴን በቀንዷ ወጋችኝ፤ በትከሻዬ ተሸክሜ ቁልቁል በረርሁ። ስደርስ አናክሲላስ ፍላጻ አንገቱ ላይ ተተክሎበት ያንኑ ያህል ቀጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ ነበር፤ ሞቶ። ፍየሏ ታረደች። ጉበቷ ደግ ነበር፤ አልራደም። ዋሽንቱ ተነፋ፤ ተነሣን፤ እኔም ጦሬ እስኪሰበር ተዋጋሁ፤ የአርጎስ ሰዎች ሸሹ። ድሉ የእኛ ሆነ። ከእኛ ማዕድ ግን በእግራችን የተመለስነው ፌድሞስና እኔ ብቻ ነን፤ ፌድሞስ አንድ ዓይኑን ሰጥቶ፣ እኔ ደግሞ በፍየል ተወግቼ።

ሰውነቴን ባስመረመራችሁ ጊዜ የተገኘው ቁስል ይኸው የቀንድ ቁስል ብቻ መሆኑን አይታችሁ ሳቅ ይዟችሁ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ቁስሉ ከፊት ለፊት እንደሆነ ግን በትሕትና ልብ ይባልልኝ።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር ላስቀምጥ። ሶሶን ቁጥር ነገርን ያሳምራል ብሎኛል።

አንደኛ፣ ስለ ፊቴ። ወደ ሹመታችሁ በገባችሁ ቀን በአዋጅ ነጋሪ «የላይ ከንፈራችሁን ተላጩ፣ ሕግንም አክብሩ» አላችሁን፤ ተላጨሁ። ከዚያ የብርካም ሕግ መጣና ግማሽ ጢሜን እንድላጭና ግማሹን እንዳሳድግ አዘዘኝ፤ ይህንንም አደረግሁ። አሁን ፊቴ ላይ የቀረው ጢም በቀኝ አገጬ በኩል የተንጠለጠለች አንዲት እፍኝ ናት፤ ከሩቅ ለሚያየኝ ሰው ፍየሏን ራሷን እመስላለሁ። ካባዬም በደንቡ መሠረት ባለ ብዙ ቀለም እራፊ ተጣፍቷል። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ፤ መንገድም እለቅለታለሁ። ገባሮቻችን እንኳ ሲያዩኝ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። በዚህች ከተማ እነርሱን የሚያስቅ ነገር ብርቅ ስለሆነ አልቀየማቸውም፤ እንዲያውም በእናንተ ዘመን ለገባር የተደረገ ብቸኛው ደግ ነገር እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስክሬ። አናክሲላስ «ፍየሏን!» ሲል በጆሮው የሰማ ሰው አለ፤ ፌድሞስ ነው። ፌድሞስ ውሸታም አይደለም። በሞቱት ፈንታ ሰው ሞልቶ የተደራጀው አዲሱ ማዕዱ ላይ አንድ ማታ ነገሩን ከነስሙ ተናግሮታል አሉ። እኔም ይህን ሰምቼ ከልምምድ ሜዳው ሲወጣ መንገድ ላይ ጠበቅሁት፤ የተነጋገርነውም ይህ ነው።

«ፌድሞስ ወንድሜ፣ ነገሩን ተናገርክልኝ አሉ።»

«ውስጥ ተናግሬአለሁ።»

«ታዲያ ለኤፎሮቹም ንገርልኛ!»

«በማዕድ የተባለ ቃል በበሩ አይወጣም። አንተም ታውቀዋለህ፤ የገባህ ቀን አዛውንቱ በሩን እየጠቆሙ ነግረውሃል።»

«ያየኸውን እኮ ነው የምልህ! ያየኸው ውጭ አይደለም እንዴ?»

«ያየሁትማ ውጭ ነው። የተናገርኩት ግን ውስጥ ነው። ከተናገርኩት ወዲያ የእኔ አይደለም፣ የማዕዱ ነው።»

«እሺ፣ እኔ ልግባና እዚያው ልስማው።»

«አንተ ብርካም ነህ፤ እንዴት ትገባለህ?»

«ብርካም አለመሆኔን ልትናገርልኝ እኮ ነው የምገባው!»

«እሱን ከማዕዱ ተነጋገር» አለኝና በደኅናው ዓይኑ ሲያየኝ ቆየ። አዘነልኝ መሰለኝ። ከዚያም ከመንገድ እስክወጣለት ጠበቀ፤ እኔም ወጣሁለት።

እናንተም ክቡራን ሆይ፣ ፌድሞስን አስጠርታችሁ ነበር። «የማውቀውን በማዕድ ተናግሬዋለሁ» አላችሁ። እናንተም ምስጢር ጠባቂነቱን አድንቃችሁ በሕዝብ ፊት አመሰገናችሁት። እኔም ቆሜ አጨበጨብሁ፤ ብርካም በጉባኤ የመቀመጥ መብት የለውምና።

ሌላ ማዕድ እንዲቀበለኝም ሞክሬአለሁ። እያንዳንዱ አባል የእንጀራ ፍርፋሪ በእጁ አድቦልቡሎ አገልጋዩ በራሱ በተሸከመው ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ እየጣለ ድምፅ ሲሰጥ፣ አንድ ፍርፋሪ ብቻ እንኳ ተጨፍልቆ ቢገኝ ሰውየው እንደማይገባ ሁሉ ያውቃል። የእኔ ላይ የተጨፈለቀው ግን አንድ አይደለም። ሁሉም ከመጨፍለቃቸው የተነሣ ያን ማታ ለመረቁ ማጥቀሻ እንጀራ አጠራቸው ይባላል። በላኬዴሞን ታሪክ ማዕድ ያስራበ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ እጄ። ሶሶን ደግ ሰው ነው። የዙሪያ አገር ሰው እንጂ ዜጋ ስላልሆነ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ዛሬም «ጌታው» ይለኛል። «ጌታው፣ ብዕር እኮ እንደ ጦር አይጨበጥም፤ ቀለል ያድርጉት፣ አያመልጥዎትም» እያለ ነው ያስተማረኝ። እርሱ የሚጠርበው የመቃብር ድንጋይ ነው፤ በጦርነት ለሞተ ሰው ስሙን፣ ከሥሩም «በጦርነት» የሚለውን ይቀርጻል፤ ሌላ ቃል በሕግ አይፈቀድም። እኔ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቤ የጨረስሁት ጽሑፍ «አናክሲላስ፤ በጦርነት» የሚለው ነው። ቀስ እያልሁ ፊደል በፊደል ነበር የማነበው፤ የማን ስም እንደሆነ የገባኝ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ሶሶን መዶሻውን አስቀምጦ፦

«ጌታው፣ ያውቋቸው ኖሯል?» አለኝ።

«ከጎኔ ነበር የሚቀመጠው» አልሁት።

ያን ማታ ትምህርት አልተማርንም።

ታዲያ እጄ ጠንካራ ስለሆነ ድንጋይ ጥረባውንም ያስተምረኝ ዘንድ ለመንሁት፤ ቀኑም አይመሽልኝም። የእናንተ ሰው ወዲያው ደረሰና ለላኬዴሞን ዜጋ የእጅ ሥራ ክልክል ነው ብሎ መሮውን ከእጄ ነጠቀኝ። ደስታዬን ልገልጽላችሁ አልችልም! ወደ ማዕድ ልግባ ስል ዜጋ አይደለሁም፤ ድምፅ ልስጥ ስል ዜጋ አይደለሁም፤ መሮ ስይዝ ግን ዜጋ ሆኜ ተገኘሁ። እንኳን እዚያ ላይ አገኛችሁኝ። አገር ጥዬ ልሂድም ብዬ ነበር፤ ያለ እናንተ ፈቃድ ከድንበር መውጣትም ለዜጋ ክልክል ነው አሉኝ፤ ይኸው ሁለት ጊዜ ዜጋ ሆንሁ። በዚህ አያያዝ አንድ ሁለት ነገር ከተከለከልሁ ንጉሥ መሆኔ ነው።

አራተኛ፦ ይህችን ሶሶን «ጌታው፣ ይቺን ይሰርዟት፣ ያስገርፉዎታል» ስላለኝ ሰርዣታለሁ። ቁጥሯ ግን እንዳይባክን እዚህ ትቀመጥ።

አምስተኛ፣ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። እስካሁን ያልሁትን ሁሉ ብትረሱ ይህን አንዱን አትርሱልኝ።

ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሠላሳ ዓመት አልፎት ያላገባ ሰው በብርዱ ወራት ራቁቱን አደባባይ እንዲዞር፣ ሲዞርም «የደረሰብን የሚገባን ነው» የሚለውን ዘፈን እንዲዘፍን ሕግ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ከተማይቱ ልጅ ያስፈልጋታል። ብርካም የሆነ ሰው ደግሞ ሚስት እንዳያገባ፣ ከቤቱም ሴት እንዳይድር ሌላ ሕግ ያዛል። እርሱም ጥሩ ሕግ ነው፤ ከተማይቱ የብርካም ልጅ አያስፈልጋትም። እኔ የሁለቱም ጥሩ ሕጎች ልጅ ነኝ። አንደኛው «ለምን አላገባህም?» ብሎ ይገርፈኛል፤ ሁለተኛው ባገባ ይገርፈኛል። እንዳታገባ ብላችሁ ከልክላችሁኝ ስላላገባሁ ትቀጡኛላችሁ ብዬ ለአዋጅ ነጋሪው ብነግረው «ስምህ ከሚዞሩት ጋር ተጠርቷል፤ በሙሉ ጨረቃ ቅረብ» አለኝ። አጭር መልስ ነበር። ጣቱን ማንም አልነከሰውም።

ብርዱን አልፈራም። ስለ ገላዬም አላፍርም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ትከሻ በብላሽ መታየቱ ለከተማይቱ ሴቶች የእናንተ ስጦታ ነው። የምፈራው ስለ እህቴ ስለ አርጌያ ነው። አባታችን በጦርነት ሞቷል፤ እናታችንም አፈር ለብሳለች፤ ከእኔ በቀር የሚድራት የለም። ዶርዮን የሚባል ደኅና ሰው ፈልጓታል፤ እርሷም ፈልጋዋለች። ሩጫ ላይ ተያይተው ነው፤ ቀደመችው መሰለኝ። እናቱ ግን ባለፈው ቤታችን መጥተው ከደጃፍ ሳይገቡ ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ በአማችነት ግማሽ ጢም አይቀበልም።»

አርጌያም ከውስጥ ሱፍ እየፈተለች፦ «እትዬ፣ ልጅሽ የሚያገባው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ ጢም የለኝም» አለች።

«ዛሬ የለሽም። ከሆድሽ ለሚወጣው ዋስ ማን ይሆነኛል?»

«ልጅሽን ሩጫ የቀደምኩት በዚሁ ሆዴ ነው።»

«መሮጡንማ ቤታችሁ ያውቅበታል!» አሉ ሴትዮዋ። አፋቸው እንደ ጦር ነው፤ ለከተማችን ዘብ ቢያቆሟቸው ግንብ የለሽነታችን አያሳስብም ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ስሚ፣ ልጄ ከአንቺ ሌላ አልፈልግም ብሎኛል። እኔም አንቺን አልጠላሽም። ሕጉንም ቢሆን ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ይታለፋል። ወንድምሽ በሙሉ ጨረቃ አደባባይ ካልዞረ ነገሩ ተረስቷል ብዬ ልጄን እሰጥሻለሁ። ዞሮ ካየሁት ግን ይህን ደጃፍ አላውቀውም፤ ልጄም አያውቀውም።»

ሄዱ። አርጌያ በሩን ዘጋች፤ ተደግፋውም እንባዋ እስኪፈስ ድረስ ሳቀች። «አንተ፣ ብታገባ ኖሮ አትዞርም ነበር፤ እንዳታገባ ደግሞ ተከልክለሃል፤ ስለዚህ እኔን ከትዳር ያስቀረኝ ፍየል ነው ማለት ነው» አለች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፣ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ስሜን መልሱልኝ አልልም፤ ስም ከባድ ዕቃ ነው፣ ለአንድ ዓመት ሹም ይከብዳል። ማዕዴንም አልጠይቅም፤ መረቁ ሲነሣ አፌ ውሃ ይሞላል ብዬ ልዋሽ አልችልም። የምለምነው ከሦስቱ አንዱን ነው። ወይ ፌድሞስ በማዕድ የተናገረውን ለመስማት እናንተ ራሳችሁ አንድ ማታ ወደዚያ ማዕድ ግቡ፤ እናንተ በየበሩ መግባት ትችላላችሁ፤ ቃሉም ከበሩ ሳይወጣ እዚያው ትፈርዳላችሁ። ወይ የማገባበትን ፈቃድ ስጡኝ፤ ሴት አጥቼ የማፍረው እኔ እሆናለሁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ወይ ደግሞ ስሜን ከዘንድሮው ዙር ብቻ አውጡልኝ፤ የሚመጣው ዓመት ሁለት ጊዜ እዞርላችኋለሁ፤ አርጌያ በባሏ ቤት ሆና በመስኮት ታየኛለች፤ ከፈለጋችሁ ሦስተኛ ዙር እጨምርላችኋለሁ፤ ዘፈኑንም በሁለት ድምፅ እዘፍነዋለሁ። ድምፄ በመንጋው ሁሉ የታወቀ ነበር።

ከሦስቱ አንዱም የማይቻል ከሆነ እንግዲህ ፍርዱ እኩል ይሁን። ለጠላት ጀርባዋን ሰጥታ የሸሸችው ከእኔ አስቀድማ ፍየሏ ናት። እርሷን ግን በአበባ ጉንጉን አሳርዳችሁ ለአርጤምስ ሰጣችኋት። እኔ እርሷን ተከትዬ ስለሮጥሁ ብርካም ከሆንሁ፣ እርሷን የሚከተል ሁሉ፣ ያን ዕለት ጉበቷን አይቶ የተነሣው ጦር ሁሉ፣ ምን ሊባል ነው? መልሱን አልጽፈውም፤ ጣቴ ዛሬም ታመኛለች።

ይህን ሳንቃ በአደባባይ ያቆምሁት ማንም እንዳያዋርዳችሁ ብዬ ነው፤ ከተማይቱ ውስጥ የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለሆነ ምስጢራችሁ ይጠበቃል። ጡብ ሠሪው ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል፤ በገበያ ቀንም ሥራ አይኖረውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በመንገድ ሳገኛችሁ ለሁላችሁም መንገድ እንደምለቅ፣ ስታልፉም ከመቀመጫዬ እንደምነሣ፣ በሁለቱ መንትያ አማልክትም ፊት ለጤናችሁ እንደምጸልይ እያረጋገጥሁ፣ የተላጨውን ግማሽ ፊቴን ወደ መሬት፣ ያልተላጨውን ወደ እናንተ አድርጌ እሰግዳለሁ።

የሕጎቻችሁ ሁሉ ታዛዥ፣ ባልፈለጋችሁኝ ጊዜ ባዕድ፣ በፈለጋችሁኝ ጊዜ ዜጋ፣

ላምጲስ የአርጊሎስ ልጅ

ፊርማዬን ካኖርሁ በኋላ የታሰበኝ፦ ደብዳቤውን ከማቆሜ በፊት ሶሶን «ጌታው፣ በአደባባይ የሚቆም ጽሑፍ ላይ ሐሰት አይቀረጽም፤ ድንጋይም ሳንቃም ያው ነው» ስላለኝ እዚህ ውስጥ የፈጠርኋትን አንዲት ነገር ልናዘዝ። ፍየሏ እውነት ናት። አናክሲላስም፣ ፌድሞስም፣ የሴትዮዋ አፍም እውነት ነው። የፈጠርሁት የአርጌያን ሳቅ ነው። በሩን ዘግታ ስትደገፈው እንባው የራሷ ነበር፤ ሳቁን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ፍየሏ የተናገረችውን ስትናገርም አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም። እንግዲህ መጻፍ ስለቻልሁ በቤቴ ውስጥ የሚስቅ ሰው አንድ እንኳ ይኑር ብዬ ነው።

ዛሬ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁላት። እዚያ ቦታ ስደርስ እንዝርቷን አቆመችና «መቼ ሳቅሁ?» አለችኝ። እንደምሰርዘው ነገርኋት፤ ቢላዋም አነሣሁ። ለረጅም ጊዜ ሳንቃውን ስታይ ቆየች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ከዚያ «የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት።

«ተወው፣ ይቀመጥ» አለችኝ። «አደባባይ ላይ እንኳ ልሳቅ።»